የወጌሻው እጅ

መዶሻው ለሃያኛ ጊዜ አረፈ፤ ዘንጉ ግን ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ከመኪናዋ ሥር እንደተጋደመ መዶሻውን ደረቱ ላይ አስቀመጠና ትንፋሹን ሰበሰበ። ሌላ መኪና ከኋላ ክብደቱን የሚሸከመው በተጠቀለለ ሞላ ነው፤ ይህች ግን የምትሸከመው በዚህ ረጅም ዘንግ ነው፤ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ዘንጉ ይጠመዘዝና ይመለሳል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ውሃና አቧራ ሲጠጣ ኖሮ ከመክተቻው ጋር በዝገት ተጋብቷል፤ አሁን ፍቺ አልፈልግም ብሎ ድርቅ ብሏል።

"ትወጣለህ" አለው ሰውየው። "ካንተ የባሰም ወጥቷል።"

በመንገዱ ላይ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ወጌሻ ነው የሚለው። እንዲህ የተባለው የሰው አጥንት ጠግኖ ሳይሆን የመኪና የኋላ እግር ስለሚያቃና ነው፤ ያውም የማንኛዋንም አይደለም። ኋላቸው በመጋዝ ተቆርጦ የቀረ የሚመስሉ፣ ባለ ሦስት በር ትንንሽ መኪኖች አሉ። በወጣትነታቸው ዳገት ላይ ትልልቆቹን ያሳፍሩ ነበር። ዛሬ ሞተራቸው ገና ይፎክራል፤ የኋላ እግራቸው ግን ከድቷቸዋል። እግራቸው የሚዞርበት ኩሽኔታ ይበላና ጎማዎቹ አናታቸውን ወደ ውስጥ አዘንብለው፣ ሽንቱ የመጣበት ልጅ መስለው ይቆማሉ። ባለቤቶቻቸው ሌላው መካኒክ ሁሉ "ሽጣት" ሲላቸው ወደ ወጌሻ ያመጧቸዋል።

ወጌሻ ደግሞ አመል አለው። መኪናዋን በክሪክ ያነሳል፣ አንድ መዳፉን ጎማው አናት ላይ፣ ሌላውን ከታች ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጎማውን አንዴ ወደ ውጭ አንዴ ወደ ውስጥ ይወዘውዛል። ከዚያ ዓይኑን ይገልጥና ፍርዱን ይሰጣል። ሠላሳ ዓመት ሲፈርድ አንድም ቀን አልተሳሳተም፤ ቢያንስ የሚወራው እንደዚያ ነው፣ እሱም አላስተባበለም።

ዘንጉ የወጣው አራት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ከውስጥ ጉሮሮ እንደ መጥረግ ያለች አጭር ድምፅ ተሰማች፤ ከዚያ ብረቱ እየተንሸራተተ ወጣ። ቀጥሎ ብራቾውን፣ ጎማውን የሚይዘውን ክንድ፣ ሳብ አድርጎ አወጣው። የኩሽኔታው መርፌዎች አብረው ወጡ፤ ወጡ ከተባለ። አንድ ጊዜ እንደ ስፌት መርፌ ያበሩ የነበሩት ቀጫጭን ብረቶች ቀይ ዱቄት ሆነው ሲሚንቶው ላይ ፈሰሱ። ብራቾው የሚዞርበት ወፍራም ብረት፣ ፔርኖው፣ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ከሩቅ የሚታይ ቦይ አውጥቷል። ይህ የግራው ነው። ሞቷል፤ መሞቱንም ወጌሻ ባለፈው ሳምንት ተናግሯል፤ ምትኩ አዲስ ፔርኖ ከነወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃል።

ችግሩ የቀኙ ነው። ቀኙን ፈትቶ ሲያወጣው ኩሽኔታው ደርቋል፣ ፔርኖው ግን ያበራል። ወጌሻ በጨርቅ ወለወለውና ወደ በሩ ብርሃን ይዞት ሄደ። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው ቀላል ነው፤ የአውራ ጣትን ጥፍር በብረቱ ዙሪያ መጎተት። በዓይን የማትታይ ፀጉር የምታህል እርከን እንኳ ብትኖር ጣት ታውቃታለች። ወጌሻ ዓይኑን ጨፍኖ ጎተተ። ምንም አልተሰማውም። ደግሞ ጎተተ። ምንም።

ከዚያ፣ ባያደርገው ይሻለው የነበረውን ነገር አደረገ። ዓይኑን እንደጨፈነ የግራውን፣ የሞተውን ፔርኖ አነሳና ጣቱን በቦዩ ላይ አሳለፈ። ያም ለስላሳ ነበር።

ነገሩ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ጓንት የለበሰ መሰለው። ከዚያ አንድ ቀን የጋለ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ይዞ ቆሞ፣ "የምን ሽታ ነው?" ብሎ ዙሪያውን ሲያይ የሚቃጠለው የገዛ መዳፉ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ የጣቶቹን ጫፍ በመርፌ እየነካካ ሲጠይቀው ሦስት ጊዜ በግምት መለሰ፤ ሦስቱንም ሳተ። ስኳሩ ነርቩን በልቶታል ተባለ። መድኃኒቱ ባለበት ያቆመው ይሆናል፣ የሄደው ግን አይመለስም አለው ሐኪሙ፣ ድምፁን ሳይቀይር። ወጌሻ ለስኳሩ የተሰጠውን ክኒን ለባለቤቱ አሳየ፤ ስለ እጁ ግን ትንፍሽ አላለም። ለማንም አልተናገረም። ዓይኑን ጨፍኖ ጎማ መወዝወዙን ቀጠለ፣ ፍርዱንም መስጠቱን ቀጠለ። በጣም የላላውን ትከሻው ያውቀዋል፤ ትከሻው ያላወቀውን ጤነኛ ይለዋል።

ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ነው ያደረገው። የመኪናዋ ባለቤት ፋርማሲስት ናት፤ መኪናዋን ከሟች ወንድሟ ነው የወረሰችው። ወጌሻ መዳፉን ግራው ጎማ ላይ ጭኖ "ይኼ አልቆለታል" አለ፣ ቀኙ ላይ ጭኖ "ይኼ ጤነኛ ነው" አለ። እሷም ሳትጠይቅ አመነችው። ስለዚህ አንድ ፔርኖ ብቻ ታዘዘ። ዛሬ ጠዋት ነገሩ ሲያሳስበው ወደ መለዋወጫ ሻጩ ደውሎ ነበር፤ ሌላ ለማስመጣት ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። እሷ ደግሞ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ መኪናዋን ተረክባ፣ እናቷን አሳፍራ፣ ተራራውን ተሻግራ ትወርዳለች። ዘመድ ቤት አድረው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት የእናትየው ዓይን ቀዶ ጥገና ይደረጋል። ቀጠሮውን አራት ወር ጠብቀውታል።

"ያበራል እኮ" አለ ወጌሻ ለራሱ፣ የቀኙን ፔርኖ እያገላበጠ።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጋራዥ አለ። የዚያ ባለቤት በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሁሉን ነገር በመለኪያ ካላየ የማይነካ። ብረት ይለካል፣ ይጽፋል፣ መልሶ ይለካል። ወጌሻ ከስምንት ዓመት በፊት ሚሊሜትር ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙ መንገዱን ሁሉ አዳረሰና በዚያው ቀረ። "መለኪያ የሚይዘው እጁን ስለማያምነው ነው" ይላል ወጌሻ ለደንበኞቹ፣ እነሱም ይስቃሉ። ሚሊሜትር ይህን መስማቱ አይቀርም፤ ሲተላለፉ አንገቱን ብቻ ነቅነቅ ያደርጋል። በዚህ ሳምንት ደግሞ እንደዚህች ያለች፣ ፊቷ የተጨፈለቀ መኪና ገዝቶ በሩ ላይ እየገነጠለ ነው። ኋላዋ ምንም አልሆነም። ወጌሻ ከዚህ ሆኖ ጎማዎቿ ቀጥ ብለው መቆማቸውን ያያል። ከጠዋት ጀምሮ እያየ ነው።

አየና ፊቱን አዞረ። አዲሱን ፔርኖ በግራ፣ አሮጌውን በቀኝ አድርጎ፣ ሁለቱንም በአዲስ ኩሽኔታና በግራሶ ገጠማቸው።

ለምሳ ባለቤቱ ከጎን ክፍል መጣች። ከጋራዡ ጋር በአንድ በር የሚገናኝ ክፍል ነው፤ እሷ እዚያ ልብስ ትሰፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች። የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቱታውን እስኪያወልቅ ጠበቀች። ወጌሻ እጁን ታጥቦ ሸሚዙን ጠቅ ጠቅ እያደረገ ዘጋ። ከአራት ወር በፊት ነው ሸሚዞቹን በሙሉ ሰብስባ አዝራሮቻቸውን ያነሳችው። በምትካቸው ተጭነው የሚዘጉ የብረት አዝራሮች ተከለችባቸው። "አሁን የሚለበሰው እንዲህ ያለው ነው፣ ልጅ ላድርግህ ብዬ ነው" ብላ ሳቀችበት። እሱም ፋሽን የሚባለውን ነገር በልቡ አመሰገነ፤ ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ጠዋት ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ከአንዲት አዝራር ጋር ይታገል ነበርና።

"አለቀች?" አለችው።

"ልትደርስ ነው።"

"ፊትህ ግን ያለቀ አይመስልም።"

"ዘንጉ አስቸግሮኝ ነው" አለ ወጌሻ።

እሷ እጁን አየችና የምሳ ዕቃውን ከፈተችለት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉ ነገር ተገጥሟል። ቡሎኖቹ ጠብቀዋል፣ ጎማዎቹ ገብተዋል፤ መኪናዋ በክሪክ ላይ ኋላዋን አንስታ ቆማለች። ወጌሻ ግራውን ጎማ ያዘ፤ ደህና። ወደ ቀኙ ዞረ። መዳፉን ከላይ ጫነ፣ ከታች ጫነ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወዘወዘ። ምንም አልተሰማውም። ወይ ብራቾው ጤነኛ ነው፣ ወይ እጁ የለም። የቱ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አጣ። በክንዱ ሞከረ፣ በጉልበቱ ገፋ፤ ማንም አለማየቱን አረጋግጦ ጉንጩን ጎማው ላይ አስጠግቶ በትከሻው ወዘወዘ። ጉንጩ የነገረው ጎማው ቀዝቃዛ መሆኑን ብቻ ነው። ረጅም ካቻቢቴ አመጣና ጫፉን ብራቾው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። የሰማው ከግድግዳው ወዲያ የሚንኮሻኮሸውን የባለቤቱን የስፌት መኪና ነው። አቁሚልኝ እንዳይላት ለምን ትለዋለች።

መሬት ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ጎማው ላይ አስደገፈ። ፈራ። በስንቱ መኪና ላይ እንዲሁ ፈርዶ እንደላከ ይቆጥር ጀመር፤ ባለፈው ወር ነጯ ነበረች፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጥቁር መኪና። እስካሁን አልተመለሱም። አለመመለሳቸው ደህና መሆናቸው ይሁን ሌላ፣ ያንንም አያውቅም።

ፋርማሲስቷ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። እናቷ ክንዷን ይዘው እግራቸውን በጥንቃቄ እያነሱ አብረው ገቡ። መኪናዋ ከክሪኩ ወርዳ ቆማለች፤ የኋላ ጎማዎቿ ቀጥ ብለዋል። ልጅቱ ወደ ኋላ ሄዳ ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ በራ። ወንድሟ ከመሞቱ በፊት የነበረችበት ቁመና ላይ መለሷት አለች። እናቷን ወደ መኪናዋ አስጠግታ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አደረገችላቸው፤ እሳቸውም ብረቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

"ወንድሜ ምን ይል ነበር መሰልዎት፣ ጋሼ" አለች። "ወጌሻ እጁን ጭኖ ሂድ ካለኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው ይል ነበር።"

"ዓይኑን እንኳ መጨፈን አልነበረበትም" አለ ወጌሻ።

ልጅቱ ሳቀች። ቁልፉን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ወጌሻ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ በጣቶቹ መካከል መኖሩን ያወቀው ስላየው ነው። የተራራው ቁልቁለት ታየው፣ መታጠፊያዎቹ አንዱ ካንዱ ሳይርቅ የሚከተሉበት፤ መኪናዋ እየወረደች መታጠፊያ ላይ ክብደቷ ሁሉ ወደ ቀኝ ኋላ እግሯ ሲሄድ ታየው። ቁልፉን የያዘው እጁ አየር ላይ ቆመ።

"ትንሽ ቆዪ፣ የኔ ልጅ" አለ።

ወደ መካከለኛው በር ሄዶ ባለቤቱን ጠራት። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ጣቷ ላይ የሰካችውን የመርፌ መከላከያ ሳታወልቅ መጣች። ወጌሻ ክሪኩን አስገብቶ የቀኙን ኋላ አነሳ። ባለቤቱን እጇን ይዞ ጎማው ጋ ወሰዳት።

"ያንን አውልቂና አንዱን እጅሽን እዚህ፣ አንዱን እዚህ አድርጊ። አሁን ዓይንሽን ጨፍነሽ ወዝውዢው። በቀስታ።"

ባለቤቱ አንዴ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና ወዘወዘች።

"ምን ይሰማሻል?"

"ይነቃነቃል።"

"ጎማው ሁሉ ይዞራል ወይስ..."

"አይዞርም። ውስጡ ነው የሚነቃነቀው።" ቆም ብላ ደግማ ሞከረች። "ሊወልቅ የደረሰ የልጅ ጥርስ አለ አይደል፣ እንደሱ ነው። በጣም ትንሽ ነው። ግን አለ።"

ወጌሻ ክሪኩን አወረደ። ለማውረድ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ማንም አላጣደፈውም።

"ቀኙ ደህና ነው ብዬሽ ነበር" አለ ወደ ልጅቱ ዞሮ። "ደህና አይደለም። ከሳምንት በፊትም ደህና አልነበረም። እኔ ነኝ ያላወቅኩት። እጄ አይሰማኝም። ዓመት ሆኖኛል።"

ልጅቱ እጇን፣ እንደተዘረጋ የቀረውን፣ ቀስ አድርጋ አወረደች። በእሱ ፋንታ ያፈረች ትመስል ነበር፤ ያ ደግሞ ከስድብ የባሰ ሆነበት። ከዚያ ቁጣዋ መጣ፤ ግን ጮክ ብላ አልተናገረችውም። ቀጠሮው ካለፈ እንደገና አራት ወር ነው አለች፣ አውቶቡሱ የሚደርሰው ነገ ከሰዓት ነው አለች፣ አሁን በዚህ ሰዓት ማን መኪና ያከራየኛል አለች።

"ቀስ ብዬ ብነዳስ?" አለች በመጨረሻ። "በጣም ቀስ ብዬ። ራስዎ በጣም ትንሽ ነው ሲባል ሰምተዋል።"

አዎ ቢላት ደስ ይላት ነበር። ቀስ ብላ ብትነዳ ደርሳ ትመለስም ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው እንዳልተመለሰ እሷም ቅሬታ ይዛ አትመለስም ይሆናል። አዎ የምትለው ቃል አፉ ውስጥ ተዘጋጅታ ነበር።

"አይሆንም" አለ። "ዳገቱን ትወጫለሽ። ቁልቁለቱን ግን አላውቅልሽም።"

የእናትየው እጅ አሁንም ኮፈኑ ላይ ነው።

"እኔም ዓይኔ ሲሄድ ልጆቼን ዓመት ሙሉ ደብቄያቸው ነበር" አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይለይ። "ሻይ ውስጥ ጨው ጨምሬ እስካጠጣኋቸው ድረስ።"

ወጌሻ ወደ ባለቤቱ ዞረ።

"አንቺ ምንም አላልሽም።"

"ምን ልበል?"

"አልደነገጥሽም።"

"አዝራሮቹን የቀየርኩት ለፋሽን መስሎሃል?" አለችው።

ወጌሻ ደረቱ ላይ የተሰለፉትን የብረት አዝራሮች ጎንበስ ብሎ አየ። አራት ወር ሙሉ እሱ ከእሷ ሲደብቅ እሷም ማወቋን ስትደብቅለት ኖራለች። እንባው መጣበት፤ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ግራሶ ቀባው።

"ማዶ እኮ እየገነጠለ ነው" አለች ባለቤቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እንደዚችው ያለችውን።"

"አይቻለሁ።"

"ልሂድልህ?"

ወጌሻ ወደ መንገዱ ማዶ ተመለከተ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። የዚያችኛዋ መኪና የቀኝ ፔርኖ ደህና ቢሆን፣ ሰውየውም እሺ ቢል፣ ከመምሸቱ በፊት ሊገጠም ይችል ይሆናል፤ ላይችልም ይችላል። ለልጅቱ ይህንኑ ነገራት፣ ቃል ሳይገባላት። ባለቤቱ ለእናትየው ከስፌት ክፍሏ ወንበር ልታመጣ ሄደች።

ወጌሻ የመኪናዋን ቁልፍ ጨብጦ መንገዱን ተሻገረ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን መንገድ ተሻግሮ ወደዚህ ጋራዥ መጥቶ አያውቅም። ሚሊሜትር ሥራ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ አንዲት ብረት ይለካል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ሰው መምጣቱን ሲያውቅ ቀና አለ። ወጌሻ መሆኑን ሲያይ ፊቱ ጭፍግግ አለ፤ ደግሞ ዛሬ በምን ሊቀልድብኝ ነው የሚል ሰው ፊት ነበር።

ወጌሻ በሩ ላይ ቆመ። ሊጠራው አፉን ከፈተና የሚጠራበት ስም አጣ። የሰውየውን ስም ጨርሶ እንደማያውቀው ያን ጊዜ ነው የገባው።

"ወንድሜ" አለው። "ማዶ ያለችው መኪና የቀኝ ፔርኖዋ አልቋል፤ የዚችኛዋን ለክተህ ንገረኝ። እኔ ማወቅ አቅቶኛል።"

ሰውየው ምን እንደሚመልስ ሳይጠብቅ ቁልፉን ዘረጋለት።